ሐኪሟ ያላዘዘችው ዝምታ

ፀጉር አስተካካዩን ደንበኞቹ «ሬዲዮ» ይሉታል። ምላሱ ጤፍ ይቆላል፤ አንድ ጢም ላጭቶ እስኪጨርስ የሰፈሩን ወሬ ከነትርፉ ያደርሳል። ጨዋታውን ፈልገው፣ ፀጉራቸው ሳያድግ የሚመጡም ነበሩ። ታዲያ አንድ ቀን «መቀስ» ሊል ፈልጎ «ማንኪያ» አለ። ሁሉም ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ጭንቅላቱ ውስጥ ክፉ ዕጢ እንዳለ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀዶ ሕክምናው እንዳለቀ ወጣቷ ሐኪም ሚስቱን አስቀምጣ አስረዳቻት። «ሁሉንም ማውጣት አልቻልንም። ይሄ ዕጢ ለብቻው የተቀመጠ እብጠት አይደለም፤ ከነርቮቹ ጋር ይገናኛል። እነሱ ሲነጋገሩ መልእክታቸው ለሱም ይደርሰዋል፣ በዚያም ያድጋል። የያዘው ደግሞ የንግግር ቦታውን ነው።»

ሐኪሟ ሌላም ብዙ ተናግራለች፤ ሚስትየዋ ግን ከዚህ ወዲያ አልሰማችም። ሥራዋ የመብራት ቆጣሪ ማንበብ ነው። ከሰው መስመር ጠልፎ የሚጠቀም ሌባ ስትይዝ ኖራለች፤ መድኃኒቱንም ታውቃለች። መስመሩ ይቆረጣል፣ ሌባው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ከዚያው ቀን ጀመረች።

ሱቁ ተዘጋ። ቴሌቪዥኑ ተነቀለ። ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ ቆማ ትመልሳለች።

«ኧረ እትዬ፣ ሰላም ብዬው ብቻ ልሂድ» አላት አንድ የድሮ ደንበኛ።

«አንተ ሰላም ትለዋለህ፣ እሱ ይቀጥላል። መቼ ያቆምና!»

ባልየው መጀመሪያ ሳቀባት። «አንቺ ሴት፣ ሳልሞት ቀበርሽኝ እኮ!»

«ዝም በል። ከመሞት መሰንበት።»

ሲለምናት ጨከነች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የልጅነቱን ነገር ሊያጫውታት ሲጀምር እንኳ አፉን በመዳፏ ትከድነው ነበር። ድምፁን ከማንም በላይ የምትወደው እሷ ናት፤ የከለከለችውም ለዚሁ ነው። ሰውዬው ቀስ በቀስ መለመኑን ተወ። እሷም ዘዴዋ የሠራላት መሰላት።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ እስክሪብቶ አሳየችው። «ይሄ ምንድን ነው?» አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ስሙን ጠየቀችው፤ እሱም የለም።

«ንግግሩ የቆመው መቼ ነው?»

ዝም ባለ ቤት ውስጥ ቃል መቼ እንዳለቀ በምን ይታወቃል? ሚስትየዋ እያፈረች የሠራችውን ተናገረች።

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። «እናቴ፣ ዝም ይበል አላልኩም እኮ። ዝምታ ዕጢውን እንደሚያስርበው ማንም አላረጋገጠም። አንጎል እንቅልፍ ላይ እንኳ ሥራ አይፈታም። ዕጢው ያለዚያም ይህንኑ ያደርግ ነበር፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ግን... በቻለበት ጊዜ ቢያወራ ጥሩ ነበር።»

ሚስትየዋ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጠችውና ፊቱ ተንበረከከች። ሰው አየኝ አላለችም። «በል አውራ፣ የፈለግከውን አውራ፣ ስደበኝም» አለችው። ዓይን ዓይኗን አያት። «ይቅር በለኝ» አለችው። ይቅር ብሏት እንደሆነ የሚነግርበት ቃል አልቀረውም።