የናሊያካ ገብስማ ዶሮዎች

ናሊያካ ጎረቤቴ ናት፤ አጥራችን አንድ ነው። ከኡጋንዳ ድንበር ወዲህ ባለው በእኛ በቡኩሱ ሕዝብ መንደር ዶሮ የሌለው ቤት የለም፤ ግን የማናችንም ዶሮ አሥራ አምስት ያህል ጥላ ታቅፋ ከተቀመጠች እንቁላል የምናየው ከወራት በኋላ ነው። የናሊያካ አንዲት ገብስማ ቄብ ብቻ መታቀፍ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። ሠላሳ ጣለች፣ አርባ ጣለች፣ አላቆመችም። እንቁላሎቿንም የታቀፈችላት የእኔ ቀይ ዶሮ ናት።

ናሊያካ ከተፈለፈሉት ቄቦች እናታቸውን የመሰሉትን ብቻ አስቀረች። መታቀፍ ያማራትን ሁሉ ችዌሌ ገበያ ወስዳ ሸጠች። በልጅ ልጆቻቸውም እንዲሁ አደረገች። የሌላ ዘር እንዳይገባባት በሽቦ አጠረችባቸው፤ አውራው ራሱ የገብስማዋ ልጅ ነበር።

በአምስተኛው ዓመት ጓሮዋ እንቁላል በእንቁላል ሆነ። የሩቅ መንደር ሴቶች ሳይቀሩ ሊያዩ ይመጡ ነበር። ባሏ ዌኩሎ እንኳ፣ ዶሮን ሰሃን ላይ ካልሆነ ዞር ብሎ አይቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ ሰው መሃል "የእኛ ዶሮዎች" ማለት ጀመረ።

"ናሊያካ፣ የእኔን አውራ ለአንድ ወር ላስገባልሽ?" አልኳት አንድ ቀን።

"ያንቺ ሰነፍ ዘር ገብቶ ሊያበላሽብኝ?"

"አንቺ ሴት! እኛ እንኳ ከእናታችን ጎሳ አናገባም፤ አንቺ አውራውን ከገዛ እናቱ ታጋቢያለሽ!"

ሳቀች። "ዶሮ ጎሳ የለውም፣ እቴ።"

በስምንተኛው ዓመት እንቁላሎቹ እምቢ አሉ። ከአሥራ ሁለት አራት ቢፈለፈል ነው። የቀሩትን ስንሰብራቸው አንዳንዱ ዘር አልያዘም፤ አንዳንዱ ውስጥ ደግሞ ጫጩቱ ላባ አብቅሎ፣ ምንቃሩን ወደ ቅርፊቱ እንዳዞረ ሞቷል። የወጡትም እግራቸው ጠማማ ነበር። ቄቦቹም ቢሆኑ ከእናቶቻቸው ያነሰ ይጥሉ ጀመር።

ናንጃላ የምትባል ወጣት የእርባታ ባለሙያ መጥታ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ አገላብጣ አየች።

"ማማ፣ ጥሩውን ሲመርጡ የተደበቀው መጥፎም አብሮ ተመርጧል። አሁን ሁሉም አንድ ሆነዋል። የሌላ ደም ያስፈልጋቸዋል።"

"እንቁላሉስ?"

"መጀመሪያ ይጨምር ይሆናል። ቀጥሎ ግን መታቀፉም ይመለሳል። እንደገና መምረጥ ነው።"

"ስንት ዓመት?"

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። "ብዙ ዓመት።"

ናሊያካ ያኔ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው።

ሦስት ሳምንት አሰበችበት። ከዚያ ራሷ መጥታ "አውራሽን ስጪኝ" አለችኝ። ለምናኝ ስለማታውቅ ዓይኗን ማየት አፈርኩ። ቀዩን አውራ ይዤ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

በዚያው ወር ፈንግል ገባ። ክትባት ፈልገን አጣን። ከእኔ አሥራ ስድስት ዶሮዎች አምስት ተረፉ፤ ለምን እነሱ እንደተረፉ እግዜር ይወቅ። የናሊያካዎቹ ግን እንደ አንድ ዶሮ ሞቱ። የአንዷ አንገት ሲጠመዘዝ የሁሉም ተጠመዘዘ፤ በአራት ቀን አንድ አልቀረም። አውራዬም አብሮ ሄደ።

ዌኩሎ ጉድጓድ ቆፈረ። ናሊያካ እያንዳንዷን አንስታ የማን ልጅ እንደሆነች እየተናገረች አስገባቻቸው።

"ይቺ የነጭ እግሯ ልጅ ናት። ይቺ አምና መቶ አርባ ጥላለች።"

"በቃሽ፣ አንቺ" አላት ዌኩሎ ቀስ ብሎ። አላቆመችም።

ሁለት ወር ቆይቼ አሥር እንቁላልና አንዲት የምትታቀፍ ዶሮ ይዤላት ሄድኩ።

"ከዚህ ይጀመራል" አልኳት።

"ምኑ?"

"እንደ ገብስማዋ ያለች ልትወጣ ትችላለች እኮ።"

"እሷ አንዴ መጣች። እኔ አላመጣኋትም፤ ከየት እንደመጣችም አላውቅም።" ዶሮዋን መለሰችልኝ። እንቁላሎቹን ቀቅላ ለዌኩሎ አቀረበችለት፤ እኔም ቁጭ ብዬ ሲልጥ አየሁ።

ሽቦውን ለሰው ሰጥታዋለች። እንቁላል ሲያምራት ከኡጋንዳ ከሚመጣው አንድ ሁለት ከሱቅ ትገዛለች። አሁንም አልፎ አልፎ ዝናዋን የሰማች ሴት ከሩቅ መጥታ ስለ ዘር አመራረጥ ትጠይቃታለች።

"ተሳስተሽ ነው፣ ልጄ" ትላታለች። "እኔ ዶሮ አላውቅም።"