ለውርጭ የተመረጠ ድንጋይ

ፈንታሁን ሀርጌሳ በገባ በሰባተኛ ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አንተ ምን ትላለህ?» የሚል አሠሪ ገጠመው። ጥፋቱ የጀመረውም ከዚያች ጥያቄ ነው። ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ «አምጣ»፣ «አንሳ»፣ «እዚያ ጣል» ብቻ ሲባል ከርሞ አንድ ቀን ሐሳቡን ሲጠይቁት፣ የሚያውቀውን ብቻ ተናግሮ ዝም ማለት አይሆንለትም። ትንሽ ይጨምርበታል። ፈንታሁንም ጨመረበት።

ጠያቂው ሳማታር ነበር። አርባ ያልሞላው፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር እጆቹ የማያርፉ ሰው ነው። ሀርጌሳን ያፈረሰው ጦርነት ሲነሳ ከእናቱና ከታናሽ እህቱ ጋር ድንበር ተሻግሮ ሐርትሼክ የስደተኞች መጠለያ ተቀመጠ፤ አማርኛውን ጅጅጋ ገበያ ለመደ፤ ከዚያ ካናዳ ተሻገረና ኤድመንተን በምትባል ከተማ አሥራ ሁለት ዓመት በረዶ ሲዝቅ ኖረ። በዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ግድም፣ ሀርጌሳ የተዘረፈ ጣሪያዋን መልሳ በምትለብስበት፣ በየመንደሩ አሸዋና ሲሚንቶ ተቆልሎ መተላለፊያ በጠፋበት ጊዜ፣ የአባቱን ቤት ሊያቆም ተመለሰ። ቤቱ ማሕሙድ ሃይቤ በሚባል ሰፈር ዳገት ላይ ነው። ግድግዳው ቆመ፣ ቆርቆሮው ተመታ፣ መስኮቶቹ ገቡ። የቀረው ከአጥሩ በር ተነስቶ ሽቅብ እስከ ቤቱ ደረጃ የሚደርሰው የመኪና መግቢያ ብቻ ነበር። ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

ለሠላሳ እርምጃ ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት መኪና ገረጋንቲ አስደፍቶ ይገላገል ነበር። ሳማታር ግን አልተገላገለም፤ ምክንያትም ነበረው።

እናቱ ራሕሞ የወደቁት ኤድመንተን፣ በልጃቸው ደጅ ላይ ነው። ሳማታር እዚያ ቤት ሲገዛ መግቢያውን ያስነጠፈው በሚያብለጨልጭ ልሙጥ ድንጋይ ነበር። የመረጠው ራሱ ነው፤ ለዓይን አምሮት። ክረምቱ ሲመጣ በረዶው ድንጋዩ ላይ እንደ መስታወት ተጋገረ፣ አሮጊቷም አንድ ማለዳ ከመኪና ወርደው ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ተዘረሩ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ አልቆሙም፤ ልባቸውም እየደከመ ሄደ። ሐኪሙ ለሳማታር ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ሲነግረው፣ ማንም ያልነገራቸው ራሕሞ በዚያው ሳምንት፣ «ቤቴ ውሰደኝ፤ ከባሌ ጋር የኖርኩበት ቤት ውስጥ ልሙት» አሉት።

ይኸው አመጣቸው። አሁን ከሴት ልጃቸው ከማርያን ጋር፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ በኪራይ ቤት ተቀምጠው፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤ «ዛሬ እንገባለን?» የሳማታርም መልስ አንድ ነው፤ «መግቢያው ይለቅ፣ ሆዮ፣ እናቴ። ሳያልቅ እግርሽን አታነሺም፣ ወላሂ።»

ለሥራው ከካናዳ ይዞት የመጣው መጽሐፍ ቢጤ ነበር፤ ለብርድ አገር የመኪና መግቢያ በምን እንደሚነጠፍ የሚያስተምር። በመጀመሪያው ቀን በአማርኛ እየመለሰ ለፈንታሁን አነበበለት። ኮንክሪት ውሃ ከገባውና ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ጡብ ውሃ ይጠጣና ፊቱ ይላጣል። ጠጠር በረዶ ሲዛቅ አብሮ ይዛቃል። አስፋልት ብርዱን ቢችልም ዘይት ዘይት ይላል። ድንጋይ ከሁሉ ይሻላል፤ ግን ከሥሩ በደንብ ካልተቆፈረና ውሃው መውጫ ካልተበጀለት፣ ውርጭ ከታች ገፍቶ ያነሳዋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሳማታር መጽሐፉን አጠፈና ያችን ጥያቄ ጠየቀ።

«አንተ የብርድ አገር ሰው ነህ አሉ። ምን ትላለህ?»

ፈንታሁን የመንዝ ልጅ ነው። አመዳይ ያውቃል። «እውነት ነው» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ውርጭ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። የአጎቴን ደጅ ድንጋይ ክንድ ሙሉ አንስቶት አይቻለሁ። ቢያንስ እስከ ወገብ መቆፈር አለበት።»

የአጎቱን ደጅ ድንጋይ ያነሳው ጎርፍ ነው። የመንዝ ውርጭ ገብስ ያቃጥላል እንጂ ድንጋይ አንስቶ አያውቅም። ግን ሳማታር ዓይኑን ሳይነቅል ሲያዳምጠው፣ ፈንታሁን በዚያች ቅጽበት የቀን ሠራተኛ መሆኑ ቀርቶ ባለሙያ ሆነ፤ ያንን ደግሞ መልሶ ለመጣል አንጀት አልነበረውም።

ቆፈሩ። እስከ ጉልበት፣ ከዚያ እስከ ወገብ። መጀመሪያ ኮንክሪት ተሞላ፤ በሳምንቱ ሳማታር ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ መጣና አስፈረሰው። ቀጥሎ ጡብ መጣ። ጡቡን ውሃ ሲያጠጡት ዋሉና ሳማታር የመንደሩን ግመል ሥጋ ሻጭ ለምኖ ፍሪዘር ውስጥ አሳደረው። በማግሥቱ ሁለቱ ሰዎች ላባቸውን እየጠረጉ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ የቀዘቀዘ ጡብ ላይ አቀርቅረው የፀጉር ያህል ስንጥቅ ሲፈልጉ ላየ ሰው ያስቁ ነበር። ሥጋ ሻጩም ከልቡ ሳቀ። ፈንታሁን ግን አልሳቀም፤ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገና፣ «ይኸው፣ ጀምሮታል» አለ። ጡቡ ተመለሰ። ሥራው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። የተጣለው ሁሉ፣ የፈረሰው ኮንክሪት፣ ያልተፈለገው ጠጠር፣ የተናቀው ድንጋይ፣ በዚያው ግቢ፣ በበሩ አጠገብ፣ ይከመር ጀመር። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

ፈንታሁን የሚኖረው አያሃ በሚባል ሰፈር ነው፣ ከሚስቱ ከሸዋርካብሽ ጋር። አንድ ማታ የፍሪዘሩን ነገር ሲያወራላት ሳቋን ለቀቀችው፤ ከዚያ ድንገት ፊቷ ተለወጠ።

«ቆይ እንጂ፣ እዚህ አገር ውርጭ የት አለና? ሴትዮዋ እኮ ደክመዋል ብለኸኛል።»

«ደክመዋል።»

«ታዲያ ንገረዋ! አንተን ይሰማል አላልክም?»

«እነግረዋለሁ» አለ። ደግሞም ሊነግረው ነበር። ግን በማግሥቱ ሳማታር ገና ከበር፣ «ፈንታሁን፣ ለውሃ መውረጃው ምን ይሻላል?» ብሎ ሲቀበለው፣ ስለ ቦይ ማስረዳት ያዘ፤ የታሰበው ንግግር ቀረ። ለነገ ተላለፈ። ነገም ለሌላ ነገ።

በመጨረሻ ሻካራ ጥርብ ድንጋይ ተመረጠ፤ እግር የሚይዝ፣ ውሃ የማያቁር። አንድ ማክሰኞ ሳማታር ድንጋዩን ሊያስጭን ወደ በርበራ ወረደ። ፈንታሁን ብቻውን ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ገረጋንቲውን ሲደለድል፣ ከአጥሩ በር ውጭ ታክሲ ቆመ። ራሕሞ ነበሩ፤ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው ማርያንን ይዘው። ፈንታሁን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ቢያያቸው ነው። በዚህ መሐል ግማሽ ሆነዋል። ከጉድጓዱ ዘሎ ወጣና በሩ ላይ ደረሰ።

«ሐበሻው፣ ደህና ነህ ልጄ?» አሉት። ሐርትሼክ ሻይ ሲሸጡ የለመዱት አማርኛ አልጠፋቸውም።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ። ምነው በዚህ ፀሐይ?»

«ቤቴን ላየው መጣሁ። አንድ ጊዜ ልግባ፤ ቁጭ ብዬ እወጣለሁ።»

ፈንታሁን ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ከበሩ ጀምሮ እስከ ደረጃው ድረስ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ነው፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ክምር። እሱ የሚመላለሰው በአንዲት ጠባብ ጣውላ ላይ ነበር።

«እማማ፣ ይወድቃሉ። ሳማታርም ከመጣ ይገድለኛል። ቅዳሜ ያልቃል፤ ቅዳሜ እንደ ሙሽራ በመኪና ይገባሉ።»

«ቅዳሜ» አሉ ራሕሞ፣ ሩቅ አገር እንደተባሉ ሁሉ። ከዚያ ፈገግ አሉ። «አዝለህ አስገባኛ! ምን ያህል እከብዳለሁ?»

ፈንታሁን ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። ማርያን አልሳቀችም፤ ፊቱን ፊቱን ታየው ነበር። ስታየው ነው ቀልድ እንዳልሆነ የገባው፤ ከገባው በኋላ ግን የሳቀውን ሳቅ መመለስ አፈረና፣ «ቅዳሜ፣ እማማ፣ ቅዳሜ» አለ ደግሞ። ጀርባው ላይ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ አዝሎ በዚያች ጣውላ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚመላለስ ሰው ነው እንግዲህ ይህን ያለው።

አሮጊቷ አልተከራከሩም። በምርኩዛቸው ተደግፈው አንገታቸውን ወደ ውስጥ ሰገግ፣ ደግሞ ወደ ጎን ዘንበል አደረጉ።

«የቤቱ በር ምን ዓይነት ቀለም ተቀባ?»

«ሰማያዊ ነው፣ እማማ።» ዓይናቸው ደክሞ መስሎት ጮክ ብሎ ነገራቸው።

«ሰማያዊ። ድሮም ሰማያዊ ነበር» አሉ። ወደ ታክሲው ሲመለሱም፣ «መምጣቴን ለሳማታር እንዳትነግረው። ያዝናል» አሉት።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አረፉ።

ፈንታሁን የሰማው ጠዋት ለሥራ ሲመጣ ነው። ሥጋ ሻጩ ነገረው። ዶማውን እንደያዘ ባዶ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። በእስልምናው ወግ ሬሳ አይቆይም፤ ሳማታር እናቱን ወደ መቃብር ከመሄዳቸው በፊት በቤቷ ደጅ እንዲያሳልፏት ሽማግሌዎቹን ቢለምንም፣ መንገዱ በሌላ በኩል ነው፣ ሟችን ማንገላታት አይገባም አሉት። እውነታቸውን ነው። ፈንታሁን ከለቀስተኛው ኋላ ራቅ ብሎ ተከተለ፣ መቃብሩም ዘንድ ራቅ ብሎ ቆመ። ሴትዮዋን አዝሎ ለማስገባት የሚፈጅበትን ጊዜ በልቡ ሲያሰላ ነበር። ከበሩ እስከ ደረጃው፣ ቀስ ብሎ ቢሄድ እንኳ፣ ካህን «አቡነ ዘበሰማያት» ደግሞ ሳይጨርስ ይደረስ ነበር። በራሱ አፈረ፤ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ሳማታር ግቢው ውስጥ የታየው ከኀዘኑ ሦስት ቀን በኋላ ነው። ፂሙ አድጓል፤ እጆቹ አርፈዋል። ከበርበራ የመጣው ድንጋይ እንደተራገፈ አጥሩ ሥር ተቆልሏል። ፈንታሁን ሲያየው ከጉድጓዱ ወጣ፣ ባርኔጣውንም አወለቀ።

«ሳማታር፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እዚህ ውርጭ እንደሌለ አውቅ ነበር። የአጎቴም ነገር ውሸት ነው። ቅጥፈት ነው። እስከ ወገብ ያስቆፈርኩህ በከንቱ ነው።»

ሳማታር ወደ ጉድጓዱ ጠጋ ብሎ አየ።

«እኔ የማላውቅ መሰለህ?» አለ። «የተወለድኩት እኮ እዚህ ነው። ሀርጌሳ ውርጭ ወርዶ እንደማያውቅ ከአንተ ነው የምማረው?» ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «እንደገና ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ። መንገዱ እስካላለቀ ድረስ አትራመድም፤ ካልተራመደች አትወድቅም። አንተ ቆፍር ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ፈንታሁን እዚህ ላይ ቢያቆም ማንም አይወቅሰውም ነበር። ራሳቸው ራሕሞ አትንገረው ብለዋል። ግን ሦስት ሌሊት አልተኛም፤ ከዚህ በላይ ነገሩን ይዞ አንድ ቀን ሊያድር አልቻለም።

«ማክሰኞ መጥተው ነበር» አለ።

ሳማታር ቀና አለ።

«አንተ በርበራ ሳለህ። ልግባ አሉኝ። ቅዳሜ ብዬ መለስኳቸው። አዝለህ አስገባኝ አሉኝ፤ ሳቅኩ።»

ይመታኛል ብሎ ጠበቀ። ቢመታው ደስ ይለው ነበር። ሳማታር ግን ተነስቶ መሬት መሬቱን እያየ ወደ አጥሩ በር ወረደ።

«የት ነበር የቆመችው?»

ፈንታሁን ቦታውን አሳየው፤ ከበሩ ውጭ፣ ከግራው ምሰሶ አጠገብ። ሳማታር ሄዶ ቆመበት፣ ፊቱንም ወደ ግቢው መለሰ። ከዚያ ጎንበስ አለ፣ በእናቱ ቁመት ልክ እስኪሆን። አንገቱን ወደ ውስጥ ሰገግ አደረገ፤ ወደ ጎን ዘንበል አለ። ፈንታሁንም አጠገቡ ሄዶ አብሮ ጎንበስ ብሎ አየ።

ፊት ለፊታቸው የፈረሰው ኮንክሪት፣ ጠጠሩ፣ የተናቀው ድንጋይ ነበር፣ ሦስት ወር ሙሉ ፈንታሁን በገዛ እጁ የከመረው። ከክምሩ በላይ ትንሽ ቆርቆሮ፣ ከዚያም ሰማይ።

«ከዚህ ቤቱ አይታይም» አለ ሳማታር።

«አይታይም» አለ ፈንታሁን።