እትዬ ሀብትነሽን የሚያሳይ ሞኒተር

«ይቺ ሚስቴ አይደለችም» ሲሉኝ ደሜ ፈላ። መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ናቸው። ለባለቤታቸው ለእትዬ ሀብትነሽ ሙት ዓመት፣ ከአንዲት ደብዛዛ ጉርድ ፎቶ አሳድጌ፣ ቆዳቸውን አለስልሼ የሠራሁትን ትልቅ ፎቶ ፎቶ ቤቴ ድረስ ይዘውት መጥተዋል።

«መሪጌታ፣ በቢቸና ከኔ በላይ ፎቶ የሚያሳምር አለ?»

«ማሳመሩንስ አሳምረሻል። ግንባሯ ላይ የነበረው መስቀል የት ሄደ?»

መስቀል! የወረቀቱ ቆሻሻ መስሎኝ ነው ያጠፋሁት። ንቅሳት መሆኑን በምን ልወቅ? ሞኒተሬ ካረጀ ወዲህ ሙሽራውንም ግድግዳውንም አረንጓዴ ያደርገዋል። «ጥፋቱ የኔ ነው» ከምል ምላሴን ብውጥ ይሻለኛልና፣ «ሞኒተሩ ነው» አልኳቸው። እሱም እንደ ሰማኝ ሁሉ በማግስቱ ጭልም ብሎ ቀረ።

ሙት ዓመቱ እሑድ ነው። ዓርብ ማለዳ ሌላ ሞኒተር ልገዛ ወደ ሞጣ ለመሄድ መናኸሪያ ስደርስ፣ መሪጌታ መሄዴን ሰምተው ኖሮ፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለዋል።

«ምነው በደህና?»

«አንቺ ስታያት ጠፋችብን። አሁን እኔው አያለሁ።»

ተኮራርፈን ሄድን። ከጉንደ ወይን ወዲያ ያለው ጉድጓድ ነው ያስታረቀን፤ ትከሻ ለትከሻ ስንጋጭ ሳንወድ ሳቅን።

ሞጣ፣ ባለ ኮምፒውተር ሱቁ ደምለው ፍላሼን ተቀብሎ የእትዬ ሀብትነሽን ጉርድ ፎቶ በአራት ሞኒተር ላይ ከፈተልን። እኔ ዓይኔ ትልቁ ላይ ቀረ። ደምለውም ነቃብኝና፣ «ይሄ እኮ ቴሌቪዥንም ይሆናል!» አለ።

መሪጌታ ግን ገበያ በሬ ሊገዙ የወጡ ይመስል ትልቁን መመርመር ጀመሩ። ከፊት አዩት። በግራ ዞሩ፣ በቀኝ ዞሩ፣ ጎንበስ ብለው ከታች አዩት። ከኋላ ሄደው ደግሞ መታ መታ አደረጉት።

«አባቴ፣ ከኋላ ምንም የለውም» አለ ደምለው።

«በሬን ከፊቱ ብቻ አይቶ የገዛ ሰኔ ላይ ያለቅሳል። ና እስቲ፣ እዚህ ቁም።» ጎትተው ከጎን አቆሙት። «ማናት?»

ደምለው አየ፤ እኔም አየሁ። ትልቁ ሞኒተር ከጎን ሲታይ እትዬ ሀብትነሽን ከሰል አስመስሏቸዋል። ከታች ሲታይ ደግሞ ወረቀት።

«ከፊት ሚስቴ፣ ከጎን ጎረቤቴ፣ ከታች ፈረንጅ! ስንት ሴት ላግባ?»

አፈርኩ። አሥር ዓመት ፎቶ ስሠራ ሞኒተርን ዞሬ አይቼ አላውቅም። ሁለተኛውን ራሴ ዞርኩት፤ ያገረጣል። ሦስተኛው ቢጫ አደረጋቸው። «የወፍ በሽታ እንኳ ይዟት አያውቅም» አሉ መሪጌታ፣ ተቆጥተው።

አራተኛው ጠርዙ የተጫረ፣ ያገለገለ ነው። በግራ አዩት፣ በቀኝ አዩት፣ ጎንበስ አሉ፤ ቀና አላሉም። ያ ደብዛዛ መስቀል ከየትም ቢያዩት እትዬ ሀብትነሽ ግንባር ላይ አለ። እኔ ደንቆሮ! ይሄን ነው እንደ ጉድፍ በማውዝ ጠራርጌ ያጠፋሁት።

«መሪጌታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። ደምለውን፣ «ይሄን እንወስዳለን» አልኩት።

ሊያሽግልን ማጥፊያው ላይ እጁን ሲሰድ፣ መሪጌታ እጁን ለቀም አደረጉት።

«ቆይ፣ አትቸኩል ልጄ። ካየኋት ዓመቴ ነው።»

በርጩማ ስቤ አስቀመጥኳቸው። የቢቸናው መኪና ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ፤ አንዳችንም አልተነሳንም።