ዳማ የቀበረው ጫማ

ዳማ ገና የስምንት ወር ቡችላ ነው፤ ሲቆፍር ግን በኮልፌ የሚያክለው የለም። የአሳዳጊውን የወይዘሮ አልማዜን ጎመን ነቅሎ ጨርሷል፣ ልብስ ከገመድ ላይ ያወርዳል፣ ያገኘውን ሁሉ ጓሮ ወስዶ ይቀብራል። ባለቤታቸው አቶ ኃይለመስቀል፣ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው "ተው አንተ" ከማለት በቀር አንድም ቀን ተነስተው ከልክለውት አያውቁም።

አንድ እሑድ ረፋዱ ላይ ጎረቤታቸው ሃጂራ መጣች።

"ጋሽ ኃይሌ፣ ውሻው በአጥር ሾልኮ የእንግዶቼን ጫማ ወስዷል" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ስንት?"

"አራት። ሁሉም የግራ ናቸው።"

እንግዶቹ ልጇን ሰሀርን ኢርፋን ለሚባል ወጣት ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው። ባሏ ሙሐዲን "እናስብበት" ብሎ ሊሸኛቸው ሲነሳ ነው ጫማው መጉደሉ የታወቀው።

አቶ ኃይለመስቀል አካፋ ይዘው ጓሮ ገቡ። ዳማ የሚያግዘው ሰው ያገኘ መስሎት ጭራውን እየቆላ አጠገባቸው ይቆፍር ጀመር። በስንት መከራ አራቱም ወጡ።

ታላቁ ሽማግሌ በጭቃና በለሃጭ የተለወሰውን ጫማቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት።

"በሃይማኖታችን ውሻ የላሰው ሰባቴ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር ነው" አሉ። ወዲያው ሳቃቸው አመለጣቸው። "የአፈሩን እንኳ ራሱ ጨርሶልናል።"

ሃጂራ ጫማዎቹን አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣች። በአንድ እግር ጫማ የሚሄድ ስለሌለ እስኪደርቅ ምሳ ቀረበ። ሙሐዲንም ከጠገበ በኋላ ሆዱ ውስጥ የቆየውን አወጣ።

"ልጁ ሥራ አይበረክትለትም ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"የለቀቀው እናቱን ሊያስታምም ነው" አሉ ሽማግሌው። "አሁን ድናለች። እሱም ጦር ኃይሎች ሰፈር ስልክ ይጠግናል።"

"ይህን ማንም አልነገረኝም" አለ ሙሐዲን። ጫማው ሳይደርቅ ጋብቻው ተፈቅዶ ነገሩ አለቀ።

ታላቁ ሽማግሌ ሲወጡ አቶ ኃይለመስቀልን በር ላይ አገኟቸው።

"ይህ ውሻ ሥራ ፈትቶ ነው። ቢያስሩት ይብስበታል፤ ጠዋት ጠዋት ያንሸራሽሩት።"

ሐኪም ለስኳራቸው ያዘዘላቸውን የእግር ጉዞ ዓመት ሙሉ ሲሸሹ የኖሩት አቶ ኃይለመስቀል፣ በማግስቱ በገመድ እየተጎተቱ አስኮ ደረሱ። ሲመለሱ የታክሲው ረዳት "ውሻ አንጭንም" አላቸው። ሙያቸውን ቢነግሩትም አልሰማቸውም፤ በእግራቸው ተመለሱ።

ከሰዓት ሃጂራ ግቢው ጭጭ ቢልባት በአጥሩ ብቅ ብላ "ምነው፣ ደህና ናችሁ?" አለች።

"ደህና ነን፣ ሁለቱም ተኝተዋል" አሉ ወይዘሮ አልማዜ። "ቀስ ብለሽ አውሪ።"