ከአማት በኩል የመጣ ኳኳታ

የኤርካሎ የጭነት መኪና ጣሊያን ጥሎት ሲሸሽ እንኳ አርጅቶ ነበር ይባላል። ፍሬኑ በጸሎት፣ መብራቱ በጨረቃ ነው የሚሠራው። የፍጥነት መቁጠሪያው መርፌማ አንዴ ተኝቶ በዚያው ቀርቷል። ኤርካሎ ግን መኪናውን በድምፁ ያውቀዋል። «ዲምቱ ላይ ሲያስነጥስ ሶዶ ሆኜ ይማርህ ብዬዋለሁ» ይላል፤ ውሸት ነው ያለው የለም፤ አገሩ በሙሉ ተሳፋሪው ነዋ።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ሚስቱን ጥሩነሽን ዱቦ ሚሲዮን ሐኪም ቤት አስገብቶ አማቱን ሊያመጣ ዲምቱ ወረደ። ምጡ ጀማምሯታል። የመጀመሪያዋ ነው፤ «እናቴ ሳትመጣ አልወልድም» ብላለች፤ ጥሩነሽ ደግሞ ካለች አለች ናት።

አማቱን እማማ ፈጠነችን ጋቢና ውስጥ በበሩ በኩል አስቀመጠ፤ ጓደኛውን ቅቤ ነጋዴውን ቦልቴን መሀል ሰነቀረው። አማትን ትክ ብሎ ማየት፣ ፊት ለፊት ማናገር ነውር ነውና የሚባለው ሁሉ በቦልቴ በኩል ያልፋል።

ሜዳው ላይ መኪናውን ሲለቀው ከበሩ በኩል ቅጭል ኳ፣ ቅጭል ኳ የሚል ነገር መጣ።

«ሰማህ?»

«የጎማው ኩሽኔታ ነው» አለ ቦልቴ። «አንዱን ሾፌር እንዲህ እያለው ጎማው ወልቆ ብቻውን ጉኑኖ ገባ። ሰውዬው ሲደርስ ጎማው ገበያ ላይ ሁለቴ ተሽጧል።»

ኤርካሎ አልሳቀም። ቀስ ሲል ድምፁ ይጠፋል፤ ሲፈጥን ይመጣል። ቆመ። ኮፈኑን ከፍቶ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ አዳመጠ። ደህና ነው። ከሥር ገብቶ ቡሎኑን ሁሉ ነቀነቀ። ደህና ነው። እማማ ፈጠነች እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው ተቀምጠዋል።

«ቦልቴ፣ እንደርሳለን ወይ በልልኝ።»

«እንደርሳለን ወይ ይላሉ።»

«ሰምቻለሁ» አለ ኤርካሎ ከመኪናው ሥር።

ጨንቆታል። ቢፈጥን ኩሽኔታው መንገድ ላይ ያስቀረዋል፤ ቢያዘግም ጥሩነሽ ያለ እናቷ ታምጣለች። እየተንቀረፈፈ ሶዶን አለፈና ሁለቱንም አስወርዶ ብቻውን ማዶ እስካለው ባሕር ዛፍ ከንፎ ተመለሰ። ድምፅ የለም። ቦልቴን ጭኖ ሞከረ። ከቦልቴ ወሬ በቀር ድምፅ የለም። የቀረውን ሂሳብ ሕፃንም ይሠራዋል፤ ኤርካሎ ግን መሥራቱን ፈራ።

አማቱ ሲሳፈሩ መስተዋቱን ወደ እሳቸው አዘነበለ። ፍጥነት ሲጨምር አየ። የእማማ ፈጠነች እጅ የበሩን እጀታ ጨብጦ ይንቀጠቀጣል፤ የናስ አምባሮቻቸው የበሩን ቆርቆሮ ይደበድባሉ።

«ታውቅ ነበር?» አለ በሹክሹክታ።

«የጠየቅኸኝ ስለ መኪናህ ነው» አለ ቦልቴ። «ስለ አማትህ መች ጠየቅኸኝ።»

ኤርካሎ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳ። አምባሮቹ ዝም አሉ። ይኼኔ አማቱ በቦልቴ ራስ ላይ አሻግረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ኤርካሎ» አሉት። ጆሮው ጋለ።

«ድምፁ የኔ ነው። ፈርቼ ነው። ፈራሁ ብል ታዘግማለህ፤ ልጄ ደግሞ ትጠብቀኛለች።» አምባሮቹን አውልቀው ቦልቴ ጭን ላይ ጣሉ። «በል ንዳ።»

ነዳ። እማማ ፈጠነች እጀታውን ትተው የቦልቴን ክንድ ጨበጡ፤ የጣታቸው ምልክት ሳምንት ሙሉ ሰነበተበት። መኪናው የሚሲዮኑ በር ላይ ሲያስል ጥሩነሽ ከአልጋዋ «መጡ» አለች። እናቷ ገብተው እጇን ከያዟት በኋላ ብዙም አልቆየች፤ ወንድ ልጅ ወለደች።

አራሷን ወደ እናቷ ቤት ሊወስዱ ሲነሡ ቦልቴ ከላይ ጭነቱ ላይ ወጣ። ኤርካሎ አምባሮቹን መሀል ለተቀመጠችው ለጥሩነሽ ሰጣት።

«ያድርጉት በያቸው። የኔ የፍጥነት መቁጠሪያ ከሞተ ስንት ዘመኑ። ሲጮህ ቀስ እላለሁ።»

ዲምቱ እስኪደርሱ አምባሩ አንዴም አልጮኸ። ቦልቴማ «ሶዶ ላይ ወርጄ በእግሬ ቀደምኳቸው፤ ቅቤዬንም ሸጬ ጨርሼ ጠበቅኳቸው» ይላል።