ዳክዬ የሌለው ፏፏቴ

ፎቶ አንሺው የተጠቀለለውን ሸራ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስተኝቶ ገመዱን ሊቋጥር ሲል ሚስቱ ከበሩ ብቅ አለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዣንጥላ ነገር ነው።»

«ሰው የሚያህል ዣንጥላ?»

«ፀሐይ ከበረታ ብዬ ነው።»

ሚስቱ ተንጠራርታ የጥቅልሉን ጫፍ ገለጥ አደረገችው። መጀመሪያ ሰማያዊ ቀለም ታየ፤ ቀጥሎ ነጭ፤ ከዚያ የዳክዬ ጭራ።

«ወይ ጉድ! ፏፏቴ ተሸክመህ ፏፏቴ ልታይ ነው የምትሄደው?»

«ቀስ በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

«ትስማ! ውሃ ተሸክሞ ወንዝ የሚወርድ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

«እዚያ ስንደርስ ማን እንደሚያመሰግነኝ እናያለን» አለና ገመዱን ሁለት ጊዜ ቋጠረው።

ሸራው እንዲሁ ሸራ አይደለም። በዚያ ከተማ ያገባ ሰው ሁሉ የሠርግ ፎቶ የተነሣው በእሱ ፊት ቆሞ ነው። የሣለው የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው ነበር። ዝነኛውን ፏፏቴ ከቀን መቁጠሪያ ላይ አይቶ ሣለ፤ ቦታ ሲተርፈው ቀስተ ደመና አገባበት፤ አሁንም ሲተርፈው ሁለት ነጫጭ ዳክዬዎች ጨመረ። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው ፏፏቴውን ያለ ዳክዬ ማሰብ ተስኖታል።

ፎቶ አንሺው ራሱ ወደ ቦታው ሄዶ አያውቅም። «ለመሆኑ ሄዶ ማየቱ ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አይጠፋም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ውሃ ነው። ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ላይ የወጣ ቀን ጥሩኝ።»

ሰው «ጋሽ ቀና በሉ» ይለዋል፤ ካሜራውን ባነሣ ቁጥር የምትወጣው ቃል እሷ ስለሆነች ነው። ፎቶ ማለት ለእሱ ፊት ነው። አንድ ጎረምሳ፣ እንደ ዘመኑ ልጆች፣ ከኋላ አንሣኝ ቢለው «ጀርባህን ለልብስ ሰፊ አሳየው» ብሎ ከስቱዲዮው አስወጥቶታል።

አሁን ግን ሁሉም በየኪሱ ካሜራ ይዟል። ስቱዲዮው ጨርሶ እንዳይዘጋ ያደረገው ያ ሸራ ነው፤ አባትና እናታቸው የቆሙበት ቦታ መቆም የሚፈልጉ ሙሽሮች አሁንም ብቅ ይላሉ። ታዲያ የገዛ ልጁ ተዳረችና «አባዬ፣ እኔ የሠርግ ፎቶዬን የምነሣው እውነተኛው ጋ ነው» አለች። ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ አንገቱን በበሩ አስግጎ «ቤቱን ልትለቀው ነው አሉ፤ እኔ ላስፋፋበት?» ብሎ ጠየቀው። የገዛ ልጁ የናቀችውን ሸራ ማን ሊቆምበት ነው? ስለዚህ ፎቶ አንሺው ከዚያ ጉዞ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፏፏቴው እንዲያሳፍራቸው።

ሚኒባሱን የሚነዳው ሙሽራው ነው፤ መካኒክ ስለሆነ ከሚሠራበት ጋራዥ ተውሶት ነው። የሙሽራው አክስት ሁለት ወንበር ይዘው፣ ዳቦ የተሞላ ከረጢት ታቅፈው ተቀምጠዋል። የፎቶ አንሺው ሚስት የቬሎውን ጫፍ ጭኗ ላይ ሰብስባ መንገዱ በጎረበጠ ቁጥር «የኪራይ ነው! ነገ እንዳለ ይመለሳል!» ትላለች።

«ዳቦው ለምሳ ነው?» አለች ሙሽራዋ።

«ለዳክዬዎቹ ነው እንጂ» አሉ አክስት።

«እትዬ፣ ዳክዬ እኮ የለም እዚያ።»

«እንዴት አይኖርም? እኔ ስዳር ከጎኔ ሆነው አብረውኝ ተነሥተው የለም እንዴ? አባትሽን ጠይቂያቸው!»

ፎቶ አንሺው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ጀመር።

ሲደርሱ በሩ ላይ አንድ ጥበቃ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ አገኙ። ጀርባው ወደ ፏፏቴው ነው።

«ይታያል?» አለ ፎቶ አንሺው።

«ድምፁ አለ።»

«ድምፁማ ይሰማናል። መልኩስ?»

«መልኩ እንደ ፈቃዱ ነው። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ውጦታል።»

የፎቶ አንሺው አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ከገደሉ ጫፍ ሲደርሱ ከፊታቸው ያለው ነጭ ነገር ብቻ ነበር። ከነጩ ውስጥ ሺህ የጭነት መኪና ድንጋይ የሚያራግፍ የሚመስል ድምፅ ይመጣል። ነፋሱ ውሃውን እየዘገነ ፊታቸው ላይ ይረጫል። የሙሽራዋ ዓይነ ርግብ በረረና ቁጥቋጦ ላይ ተሰቀለ። ሙሽራው ሊያወርድ ሮጠ፤ ሲመለስ አዳለጠውና በመቀመጫው ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። ዓይነ ርግቡ ተቀዷል።

«የኪራይ ነው!» ብላ ጮኸች የፎቶ አንሺው ሚስት።

አክስት ዳቦ ቆርሰው ወደ ጉሙ ወረወሩ። ትንሽ ጠበቁ።

«ድምፁ አስፈርቷቸው ይሆናል» አሉ።

ሌሎች ጎብኚዎችም ነበሩ፤ እንደ ራሰ ዶሮ ኩምትር ብለው ቆመዋል። «ይሄን ለማየት ነው ሌሊት የተነሣነው?» ይላል አንዱ። «አንተ ነህ ያመጣኸን» ትላለች ሌላዋ። ፎቶ አንሺው ፊቱን ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አጨፍግጎ ወደ ልጁ ጠጋ አለ።

«አይዞሽ ልጄ። ተፈጥሮ ነው፣ አይታዘዝም። ደግነቱ አባትሽ አስቦበታል።»

ሸራውን አምጥቶ ዘረጋው። አንደኛውን ቋሚ እንጨት ለሚስቱ፣ ሌላኛውን ለአክስት አስያዘ።

«ይኸው ፏፏቴ! አያረጥብ፣ አይጮህ፣ ጉም አይጋርደው!»

«እሰይ! ዳክዬዎቼ!» አሉ አክስት።

«አባዬ፣ በሰው ፊት አታሳፍረኝ» አለች ልጁ።

እሷ የቬሎዋን ጭቃ በመሐረብ ስትጠርግ ጎብኚዎቹ ጠጋ ጠጋ ማለት ጀመሩ። ሸራውን አዩ፤ ጉሙን አዩ፤ እንደገና ሸራውን አዩ።

«እኛንም ያነሡናል?» አለ ሌሊት የተነሣው ሰውዬ።

«ለምን አላነሣም! ተራ ያዙ! መጋፋት የለም!»

ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። ፎቶ አንሺው እንዲህ ያለ ቀን ካየ ስንት ዘመኑ! ባለትዳሮች ቆሙ፣ አማቾች ቆሙ፤ በመጨረሻ ጥበቃው ራሱ ኮፍያውን አስተካክሎ መጣ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ?» አለው ፎቶ አንሺው።

«ይሄን ሁሉ ዘመን እዚህ ስሠራ ከፏፏቴው ጋር አንድ ፎቶ የለኝም።»

«ቀና በል!» ጠቅ።

ከዚያ ልጁን ጠራት። ቬሎዋ እስከ ጉልበቷ ቡኒ ሆኗል። ሸራውን አየችው፤ ጉሙን አየችው።

«እሺ» አለች። «አንዴ ብቻ።»

ይህችን «እሺ» ያውቃታል። ልጅ ሳለች የጠበባትን ጫማ ገዝቶላት «ልክሽ ነው?» ሲላት ያለችው እሺ ነች። ፈገግታዋም ያው የዚያን ቀኑ ነበር።

ሙሽራው የተጨቀየ መቀመጫውን በእጁ ሸፍኖ ከጎኗ ቆመ። የፎቶ አንሺው ሚስትና አክስትም እኛም እንግባ ብለው እንጨቱን እንደያዙ አንገታቸውን ወደ ካሜራው አሰገጉ። ሰልፈኛው ሁሉ ከሸራው ግራና ቀኝ ተኮልኩሎ ፎቶ አንሺውን ያያል።

«ቀና በሉ! ዓይን እንዳይጨፈን! ወደ እኔ!»

ዓይኑን ካሜራው ላይ ደገነ። ከሸራው በላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። መስታወቱ ረጥቦ ነው ብሎ ጠረገውና እንደገና አየ። ከዚያ ካሜራውን ከዓይኑ አወረደ።

ጉሙ ከላይ እስከ ታች ተቀዶ ነበር። ሸራው ላይ ያለው ውሃ እንደ መጋረጃ ቀጥ ብሎ የተሰቀለ ነው። ይሄኛው ግን ከሰማይ የሚነሣ ይመስል ነበር፤ አንዱ ውሃ ሌላውን እየገፋ፣ አየር ላይ እየተሰበረ፣ ጭስ እየሆነ፣ ጭሱ እንደገና ወደ ላይ እየወጣ። ወደ ላይ! መሬቱ ከእግሩ ሥር ይርዳል፤ ለካ መጀመሪያም ይርድ ኖሯል።

በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ፊቱ ወደ ፏፏቴው የዞረው እሱ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። ወደ እኔ ብሎ ያዞራቸውም ራሱ ነው።

በግራ በኩል አዲስ ጉም እየመጣ ነው። አንዴ ጠቅ ቢያደርግ ነገሩ ያልቃል። ማንም አያውቅም። የልጁ ፎቶ በሸራው ፊት፣ በትልቅ ፍሬም፣ ስቱዲዮው መስኮት ላይ ይሰቀላል፤ ፀጉር አስተካካዩም አንገቱን ይሰበስባል።

«ጋሼ፣ አልጨረሱም?» አለ ሙሽራው ጥርሱን ሳይከድን።

ልጁ አሁንም በጠባቡ ጫማ ፈገግታ ታየዋለች።

«አውርዱት» አለ ፎቶ አንሺው።

«ምኑን?» አሉ አክስት።

«ሸራውን! ልቀቁት!»

«ጭቃው ላይ?» አለች ሚስቱ። «ያምሃል? እንጀራህ እኮ ነው!»

«ልቀቂው አልኩሽ! አንቺ ልጅ፣ ዙሪ!»

ልጅቷ ግራ ገባት። አባቷ ካሜራ ይዞ ዙሪ ብሏት አያውቅም። ሸራው ዳክዬዎቹን በአፍጢማቸው ደፍቶ ወደቀ፤ እሷም ዞረች፤ ሙሽራውም ዞረ። ሰልፈኛውም ተከትሎ ዞረ። አክስት ስለ ዳክዬዎቹ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው እንደከፈቱት ቀሩ። ቬሎው ጭቃው ላይ ተጎተተ፤ የኪራይ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን አነሣ። ሁለት ጀርባ። የተቀደደ ዓይነ ርግብ። በጭቃ የተለሰነ መቀመጫ። ከዚያ ወዲያ ውሃው። ፊት የሚባል ነገር የለም።

«ቀና በሉ» ሊል አፉን ከፈተ። ሁለቱም ቀና ብለው ነበር።

ጠቅ አደረገው።