የጋሽ መስታወት ጢም

ምላጩ ጉሮሮ ላይ እንዳለ ልጁን ቢያስነጥሰውስ?

እማማ ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምረው ሲያላምጡት ዋሉ። ሰሃን ሲያጥቡ ጠየቁት፣ ልብስ ሲያሰጡ ጠየቁት፤ መልስ የሚሰጣቸው ግን አላገኙም። ለልጅ ልጃቸው ቢነግሩት ሳቀባቸው። ለባላቸው ቢነግሩ ባላቸው እንደ ሰሞኑ ልማድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰው ሲያስነጥሰው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ዓይኑን የጨፈነ ሰው እጁ ወዴት እንደሚሄድ ግን ማን ያውቃል? እማማ ፊደል የቆጠሩ ሴት ናቸው፤ ጋዜጣውንም የመድኃኒት ወረቀቱንም ያነባሉ። ስለዚህ ጉዳይ የጻፈ ግን እስካሁን አላጋጠማቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእማማ ባል ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። እርሳቸው የላጩት ጉንጭ ፊት ያሳያል እየተባለ በሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ መስታወት» ተብለው ቀሩ። የገዛ ጢማቸውንም በዚያው በሚታጠፈው፣ እጀታው ጥቁር ቀንድ በሆነው ምላጭ በየማለዳው ሳይላጩ ከደጅ ወጥተው አያውቁም። «ጢሙን ያሳደገ ፀጉር አስተካካይና ጥርሱ የወለቀ የጥርስ ሐኪም አንድ ናቸው» ይሉ ነበር። ከዚያ ሕመም ሳይታሰብ መጣና ቀኝ እጃቸውን ይዞባቸው ቀረ። እግራቸው ተረፈ፤ ምላሳቸውማ ይብስ ሰላ፤ እጃቸው ግን ማንኪያ እንኳ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ጢማቸው አደገ። ጢማቸው ሲያድግ ጋሽ መስታወት ከበር መውጣት ተዉ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ልብስ ሰፊው ሱቅ አጠገብ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እየሞቁ የሰው ስም የሚያነሱትና የሚጥሉት እዚያ ነው። «ጋሼ የት ጠፉ?» ብለው በላኩ ቁጥር መልሱ «ተኝተዋል በሏቸው» ሆነ። ሐኪሙ ደግሞ «ይራመዱ፤ ካልተራመዱ እግሩም የእጁን መንገድ ይከተላል» ብሎ አስጠንቅቋል። እማማ እግዜርን የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እኚህ ሰውዬ ያንን በር ከፍተው ሲወጡ ማየት።

«እስቲ ማዶ ካለው ፀጉር ቤት ልውሰድህ» ቢሏቸው አበዱ።

«ማን ዘንድ? እኔ ያስተማርኩት፣ ዛሬ በማሽን እያንዛረረ የሰው ፊት እንደ ሣር የሚያጭደው? እሱ የኔን ጉሮሮ ሊይዝ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

በመጨረሻ መላውን ያመጣው አብሯቸው የሚኖረው የልጅ ልጃቸው ነው። ጎረምሳው የሚሠራው ሞባይል ጥገና ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ብሎን ሲፈታና ሲያስር ይውላል።

«አባባ» አላቸው አንድ ማታ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ፤ «ለምን አያስተምሩኝም? እኔ እላጭዎታለሁ።»

ጋሽ መስታወት ፊታቸውን ከግድግዳው መለስ አደረጉ። «እጅህን አሳየኝ።»

አሳያቸው። እንደ ገበያ ዕቃ ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት።

«ይሞከራል» አሉ።

ትምህርቱ በፊኛ ተጀመረ። ፊኛው ተነፋ፣ አረፋ ተቀባ፣ ልጁ ምላጩን ይዞ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቀረበ። ድው! እማማ ወጥ ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ጣሉ።

«ምነው! ምነው! ሰው ሞተ እንዴ?»

«ፊኛ ነው እማማ፣ ነፍሱን ይማር።»

«ዛሬ ፊኛ ነው፤ ነገ የማን አንገት ነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሟርትሽን እዚያው ወጥ ቤት ተይው!» አሉ ጋሽ መስታወት። ወደ ልጁ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምላጭ መዶሻ አይደለም፤ አትጨብጠው። ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል አልሰማህም? አስተኛው። ተኝቶ ይሂድ፣ ቁልቁል፣ አጭር አጭር። ወደ ጎን የጎተትከው ዕለት ማንነቱን ያሳይሃል። በሌላው እጅህ ቆዳውን ወጠር አድርግ። ደግሞ ይህችን በልብህ ያዝ፦ ሰው ቢጠራህ፣ ዝንብ ብታርፍብህ፣ ቤቱ ቢቃጠል፣ መጀመሪያ እጅህን አንሳ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።»

ፊኛ በፊኛ ላይ ፈነዳ። የጎረቤት ሕፃናት ልደት ያለ መስሏቸው በር ላይ ተኮለኮሉ። ጋሽ መስታወት ግን ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ሰሞን ሲያወሩ፣ ሲቆጡ፣ ሲሳደቡ ታይተው አያውቁም። እማማ ከወጥ ቤት ሆነው ስድባቸውን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ምላጩ ትዝ ሲላቸው ደግሞ ያማትባሉ። አንድ ቀን አረፋው ሙልጭ ብሎ ተጠርጎ ፊኛው እንዳለ ቀረ። ሌላም ፊኛ፣ ሌላም።

«ነገ እኔን» አሉ ጋሽ መስታወት።

እማማ ምሳ አልዋጥ አላቸው። አያትና የልጅ ልጅ ጓዳ ገብተው ስለ ነገው ሲያወጉ እርሳቸው ቀስ ብለው መሳቢያውን ከፈቱ። ምላጩን ዘረጉት፤ ያብለጨልጫል። የሽንኩርት ቢላቸው ትዝ አላቸው። ሲዶለዱም ሽንኩርቱን ያስቸግራል እንጂ ጣት ነክቶ አያውቅም። ታዲያ ይሄስ ትንሽ ዶልዶም ቢል? ጢሙን ቀስ እያለ ያነሳዋል፤ ጉሮሮውን ግን አይደፍርም። ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ልብስ ማጠቢያው ዘንድ ሄዱና ስለቱን በሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ አሹት። ድምፁ ጥርሳቸውን አጠረሰው። ጠራረጉት፣ አጠፉት፣ መልሰው ቦታው አኖሩት፤ ያን ዕለት እንደ ሕፃን ተኙ።

በማግስቱ ጠዋት ወንበሩ ወደ መስኮቱ ተሳበ። ትኩስ ፎጣው ጢሙን አለሰለሰ፣ ብሩሹ አረፋውን ቀባ። እማማ የበሩን መቃን ተደግፈው ቆሙ፤ ማየት አልፈለጉም፣ አለማየትም አልቻሉም።

የመጀመሪያው ጉንጭ በመከራ ተላጨ። ምላጩ ክርር ይላል፣ ይያዛል፣ ይዘላል። ጋሽ መስታወት ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ልጁ እንዳይደነግጥ ብለው ግን ጥርሳቸውን ነከሱ። የልጁን ግንባር አላበው።

«ፊኛው ላይ እንዲህ አልነበረም» አለ ለራሱ። እልህ ያዘውና ጫን አደረገ። አገጫቸው ሥር ምላጩ ቆዳውን ያዘው፤ በነጩ አረፋ ላይ ቀይ መስመር ወረደ።

«ወየው! ጉድ ሆንኩ! አረደው!» እማማ ፎጣ ይዘው ዘለው ገቡ።

«ጭረት ናት፣ አትጩኺ» አሉ ጋሽ መስታወት።

ልጁ ግን ምላጩን አስቀምጦ ጣቶቹን ያይ ነበር። ያ ብሎን ሲፈታ የማይነቃነቅ እጅ ይንቀጠቀጣል።

«አልችልም አባባ። የኔ እጅ ለሰው ፊት አይሆንም።» ጓዳ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ጋሽ መስታወት ደሙን በፎጣው ይዘው መስታወቱን አዩ። ግማሹ ጉንጭ ተላጭቷል፣ ግማሹ ሽበት ከነአረፋው ቆሟል።

«ይኸው፣ አሁንስ ለግድግዳውም አፈርኩ» አሉ።

እማማ ምላጩን በጎሪጥ አዩት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። ጋሽ መስታወት ምላጩን በግራ እጃቸው አነሱ፤ ሊያጥፉት ነበር፣ አላጠፉትም። ቀኝ ክንዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ፀጉሩን በምላጩ ዳሰስ አደረጉት። አንድም ፀጉር አልወደቀም። ወደ ብርሃኑ አቀኑት። ቀስ ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«አንቺ፣ ይሄን ምላጭ ምን ነካው?»

«እኔ ምን አውቄ! ዝጎ ይሆናል።»

«ዝገት እንዲህ አይነክስም። ይሄ ድንጋይ ያየ ነው።»

እማማ የቀሚሳቸውን ጫፍ ያዙ፣ ለቀቁ። «ሲሚንቶ ነው» አሉ በቀጭኑ። «እንዳይቆርጥህ ብዬ እኮ ነው!»

ጋሽ መስታወት አፈጠጡባቸው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እማማ ሕመሙ የተነሳ መስሏቸው ሊጮሁ ሲሉ ሳቅ ሆኖ ፈረጠ። ቁስላቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል! ሴትዮ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ከፀጉር አስተካካይ ጋር ኖረሽ? ስለታም ምላጭ ፀጉሩን ቆርጦ መንገዱን ይሄዳል። ሰው የሚያቆስለው ዱልዱሙ ነው፤ እምቢ ይልና ተጫነኝ ተጫነኝ ያሰኛል።» ሳቃቸው በረደ። «የኔስ ጭረት ነገ ትድናለች። ያ ልጅ ግን በእጄ ነው ብሎ እንዳመነ ከቀረ አይድንም። ሂጂ ንገሪው።»

ከጓዳው በር እስከ አልጋው ያለው መንገድ ለእማማ ያን ቀን ረዘመባቸው።

«የኔ ጌታ፣ እጅህ አይደለም። እኔ ነኝ። ምላጩን ሲሚንቶ ላይ አሸሁት።»

ልጁ ቀና አለ። «ሲሚንቶ ላይ?»

«አዎ።»

«የአባባን ምላጭ?»

«አዎ አልኩህ እኮ! ልትገርፈኝ ነው?»

ፊቱ መጀመሪያ ጠቆረ። አንድ ነገር ሊላቸው ነበር፤ ዓይናቸውን ሲያይ ተወው። «እማማ» አለ ከአልጋው እየተነሳ፤ «ሞባይል ብቻ እንዳይጠግኑልኝ።»

ምላጩ በረጠበ መሳያ ድንጋይ ላይ ሲመላለስ ረፋዱ ሄደ። ቀጥሎ ቆዳው መጣ፤ ፀጉር አስተካካዮች ስለቱን የሚያጠሩበት ረጅም የከብት ቆዳ። አንዱ ጫፉ ከመስኮቱ ብረት ላይ ታሰረ፤ ሌላውን የሚወጥር እጅ ጠፋ። የልጁ ሁለት እጆች ምላጩን ይዘዋል፤ የጋሽ መስታወት ግራ እጅ የልጁን ክንድ ይመራል።

«ነይ፣ ያዢ» አሏቸው።

«እኔ?»

«ያዶለዶመ ይስላል። አጥብቀሽ ያዢው፤ ከላላ ስለቱ ይሞታል።»

እማማ ቆዳውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ምላጩ ወደ ደረታቸው ይመጣል፣ ይገለበጣል፣ ይመለሳል፤ ይመጣል፣ ይገለበጣል፣ ይመለሳል። በመጣ ቁጥር የበለጠ ስለታም ሆኖ እንደሚመጣ ያውቁታል። እጃቸው ላላ ሊል ይፈልጋል። አላላሉትም። በመጨረሻ ጋሽ መስታወት ክንዳቸውን በምላጩ ዳሰስ ሲያደርጉ የክንዳቸው ሽበት እንደ አመድ ብን ብሎ ወደቀ።

«አሁን ምላጭ ነው» አሉ።

ወንበሩ እንደገና ብርሃን ውስጥ ገባ። ልጁ ቆዳውን ወጠረ፣ ምላጩን አስተኛ። ክርር የሚል ነገር የለም፤ ደረቅ ወረቀት ላይ ጣት ሲሄድ የሚሰማው ዓይነት ሹክሹክታ ብቻ። ያልተላጨው ጉንጭ አለቀ። ጭረቷን ዞሮ አለፈ። አገጩ አለቀ። ጋሽ መስታወት አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣሉ፤ ምላጩ ማንቁርታቸው ላይ አረፈ።

ያን ጊዜ ጋሽ መስታወትን አስነጠሳቸው።

እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስለ ልጁ ሲጨነቁ ሰነበቱ እንጂ በወንበሩ ላይ የተቀመጠውም አፍንጫ እንዳለው አላሰቡም ነበር። ሲገልጡ የልጁ እጅ ከነምላጩ ከጭንቅላቱ በላይ አየር ላይ ነበር። መቼ እንደተነሳ ራሱም አላወቀም።

«ይማርዎ አባባ» አለ፤ ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ እጁ ግን አልተንቀጠቀጠም። አውርዶ ካቆመበት ቀጠለ።

ሲያልቅ ጋሽ መስታወት በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ። በግራ መዳፋቸው ጉንጫቸውን ከታች ወደ ላይ፣ ፀጉሩ ከሚበቅልበት በተቃራኒ ዳሰሱ፤ የደንበኛን ፊት እንዲህ ነበር የሚመረምሩት። ልጁ ፎጣውን እንደያዘ አንድ ቃል ጠበቀ። ጋሽ መስታወት ተነሱ። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን፣ አቧራ የጠጣውን ኮታቸውን አወረዱ፤ የግራ እጃቸው ከቁልፎቹ ጋር ሲታገል ማንም አልረዳቸውም። ኮፍያቸውን ደፉ፣ ከዘራቸውን አነሱ።

ጆሯቸው ሥር ጥፍር የምታህል አረፋ ቀርታለች። እማማ አዩዋት። አፋቸውን ከፈቱ፤ አረፋዋ፣ የአንገት ልብሱ፣ መኪናው፣ ደረጃው፣ ብርዱ፣ ሁሉም ምላሳቸው ላይ ተሰልፎ ቆመ። ያንን ሁሉ እንዳለ ዋጡት።

ጋሽ መስታወት በሩን ከፈቱና ወደ ማዶው አግዳሚ ወጡ።